ቃል ከሰጡ በኋላ

አማርኛችን «ቃል» በሚለው ቃል ላይ የጫነው ሸክም ብዙ ነው። አፍ ሲከፈት የሚወጣው ቃል ነው። ለወዳጅ የሚገባውም ቃል ነው። ሽማግሌ ሊሞት ሲል ለልጆቹ የሚተወውም ቃል ነው። ፖሊስ ጣቢያ የቀረበ ሰው «ቃሉን ሰጠ» ይባላል። ካሜራ ፊት ተቀምጦ መጠየቅን ደግሞ «ቃለ መጠይቅ» ብለነዋል። እንግዲህ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን የሰጠ ሰው፣ ነገሩ በወጉ ከተሠራ፣ የሰጠው ቃል ተነቦለት «አዎ፣ ያልኩት ይኼንኑ ነው» ብሎ ይፈርማል። ለካሜራ ቃሉን የሚሰጥ ሰው ግን አስቀድሞ ይፈርማል፤ ቀጥሎ ይናገራል፤ ከዚያ ቃሉ ወደማያውቀው ከተማ ይወሰዳል፤ እዚያ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል፣ ሙዚቃ ይደረብበታል። ምን ሆኖ እንደወጣ ባለቤቱ አያይም።

ይኼን ያስነሣኝ አንድ የተማሪዎች ዘጋቢ ፊልም ነው። የዩኒቨርሲቲውንም የልጆቹንም ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ የማወራው በየዓመቱ ለመመረቂያ ስለሚሠሩት ፊልሞች ሁሉ ነውና። አራት ሆነው አምባ ጊዮርጊስ ወጥተዋል። ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይኼ የወገራ ከተማ ደጋ ነው፤ የገብስ፣ የባቄላ፣ የድንችና የነጭ ሽንኩርት አገር። የልጆቹ ርዕስ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ወርደው ስላልተመለሱ ወጣቶች ነው። ፊልሙ ዐሥራ አራት ደቂቃ ይፈጃል። አስተያየት እንድሰጣቸው ሲያመጡልኝ ያልተቆረጠውንም አምጡ አልኳቸው። ሁለት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ሆነ። ሁለቱንም አየሁ። ይኼ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ስላለው ርቀት ነው።

በቅድሚያ የሚመሰገነው ይመስገን። ርዕሱ የሚገባ ርዕስ ነው። ከወገራና ከአካባቢው ደጋ ብዙ ወጣት ለአረምና ለአጨዳ ይወርዳል። ቆላው ወባ አለበት፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር አለበት፤ ከደጋ የወረደ ሰውነት ደግሞ ለሁለቱም እንግዳ ነው። የሱዳን ድንበርም ሩቅ አይደለም። የሚመለሰው ይመለሳል፣ የሚቀረው ይቀራል። ካሜራቸውም መጥፎ አይደለም። ማለዳ ጉሙ ከገብሱ ማሳ ላይ ሲነሣ የወሰዱት ምስል ከቴሌቪዥናችን ብዙ ምስሎች ይበልጣል። የነፋሱ ነገር እንኳን አልበገራቸውም፤ ማይኩን ከእናትየዋ ጋቢ ሥር አስገብተው ድምፁን በደንብ ይዘውታል። ችግሩ ቀረጻው ላይ አይደለም። ጥያቄውና መቀሱ ላይ ነው።

የፊልሙ ዋና ባለ ታሪክ አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው ለሰሊጥ እንደወረደ አልተመለሰም። ፊልም የሚማሩ ልጆች መጀመሪያ ከሚነገራቸው ነገር አንዱ የጠያቂው ድምፅ እንደሚቆረጥና ስለዚህም ተጠያቂው ጥያቄውን በመልሱ ውስጥ ደግሞ እንዲናገር ማድረግ እንዳለባቸው ነው። ነገሩ ለሥራ ይመቻል፤ ግን ሰውየው እንዲናገር ብቻ ሳይሆን በምን ቃል እንደሚናገርም የሚያዘው ጠያቂው ይሆናል። ባልተቆረጠው ላይ እንዲህ የሚል ንግግር አለ፦

«እማማ፣ ‹ልጄ ከጠፋ ጀምሮ› ብለው ይጀምሩልን።»

«እሺ ልጄ። … ልጄ ከሄደ ጀምሮ…»

«‹ከጠፋ› ይበሉልን እማማ። እንደገና እንጀምር።»

«ኧረ የሄደ ነው የኔ ልጅ። የጠፋማ በግ ነው።»

ልጆቹ ሦስቴ ሞከሩ። እናትየዋ ሦስቴም «ከሄደ» አሉ። ይኼ ሁሉ ተቆርጧል። በምትኩ ምን ገባ? የተራኪ ድምፅ። «ልጃቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኖታል» ይላል፣ በዚያ በምናውቀው የቴሌቪዥን ድምፅ። ከሥር በሚሮጠው የእንግሊዝኛ ትርጉም ደግሞ ነገሩ ብሶ ልጁ «ሟች ልጃቸው» ሆኗል። አንዲት እናት ሦስት ጊዜ ተለምነው ያላወጡትን ቃል፣ ፊልሙ እሳቸው ሳያውቁ አወጣላቸው። ልጃቸውን «ሄደ» ማለት ለእሳቸው የንግግር ዘይቤ አይደለም። የሄደ ይመለሳል። በሩ የሚቆመው በዚያች ግስ ላይ ነው።

ሁለተኛው ነገር ጥያቄው ነው። «ልጅዎ ሲቀር ምን ተሰማዎት?» እስቲ ንገሩኝ፣ ይኼ ጥያቄ በየትኛው አገር አማርኛ ነው? ወገራ ውስጥ ኀዘን የደረሰበት ቤት የገባ ጎረቤት «ምን ተሰማሽ?» ብሎ አይጠይቅም። «እንዴት ቻልሽው?» ነው የሚለው። የመጀመሪያው ስሜት አውጥተሽ አሳዪኝ ይላል፤ ሁለተኛው ሸክምሽን አይቻለሁ ይላል። ከውጭ ዜና ማሠራጫ የተገለበጠው ጥያቄ ሬዲዮናችንን አቋርጦ፣ ቴሌቪዥናችንን አቋርጦ፣ ይኸውና አምባ ጊዮርጊስ ገብቷል። እናትየዋም አልገባቸውም። «ምን ይሰማኛል ልጄ፣ ጆሮዬስ ደኅና ነው» አሉ። ልጆቹ ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ። ይኼም ተቆርጧል።

ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን እናትየዋ መልስ ሰጥተዋል። መልሱ ስለ በሬ ነው። ሁለት በሬ ነበረን አሉ። ልጁ ሲወርድ ለመንገዱና ለስንቁ አንደኛውን ሸጥን፤ የቀኙን። የቀረው የግራ በሬ ነው። ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀን እናርሳለን። ታዲያ ይኼ በሬ ማታ ከበረት ሲገባ እስከ ዛሬ በግራ በኩል ነው የሚቆመው፤ ቀኙን ባዶ ትቶ። ቦታው ሰፊ ነው፣ መሐል ላይ ቢተኛ የሚከለክለው የለም። አይተኛም። እንዲህ ካሉ በኋላ ዝም አሉ። ዝምታቸውን በሰዓት ለክቼዋለሁ፤ አርባ አንድ ሴኮንድ ነው። ዐይናቸው ካሜራው ላይ የለም፤ በሩ ላይ ነው።

ከበሬው ታሪክ አንድም ቃል ፊልሙ ውስጥ አልገባም። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ከርዕስ ስለወጡ ነው» አሉኝ። ዝምታውስ? «ባዶ ስለሆነ ቆረጥነው።» በዝምታው ፈንታ ዋሽንት አለ። የእናትየዋ ፊት በዝግታ ይታያል፣ ዋሽንቱ ያለቅሳል፣ ተመልካቹም አልቅስ መባሉን ይረዳል።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ ስለ ሰምና ወርቅ ብዙ አውርተናል። ያኔም ያስቸግረን የነበረው ሰምና ወርቅን የቅኔ ቤት ንብረት ብቻ አድርጎ ማየት ነው። ይኼው፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት «ምን ተሰማዎት?» ለተባሉት በበሬ መለሱ። ሰሙ የበሬ ነው፤ ወርቁን የማያገኝ ጆሮ ሊኖር አይገባም ነበር። ከርዕስ አልወጡም። ርዕሱ ውስጥ የገቡት እሳቸው ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ ለልጆቹም ልከራከርላቸው። የተሰጣቸው ጊዜ ዐሥራ አምስት ደቂቃ የማይበልጥ ፊልም እንዲሠሩ ነው። የቀረጻው ቀን አንድ ነው፤ መኪናው የኪራይ ነው። ነጥብ የሚሰጠው መምህር «ታሪኩ ይፍጠን» ይላል። ሁለት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃውን እንዳለ ማሳየት አይቻልም፤ ቢቻልም ማንም አያየውም። መቁረጥ የፊልም ኃጢአት ሳይሆን የፊልም ሥራ ነው። ሰው ቤት እንኳን ወሬ ሲነገር ይቆረጣል። ጥያቄው የተቆረጠው ለማን ተብሎ ነው የሚለው ነው።

የመቀሱን ኃይል ቀድመው በወጉ ካጠኑት አንዱ ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለው የሩሲያ የፊልም ሰው ነው። ምንም ስሜት የማያሳይ የአንድ ተዋናይ ፊት ወሰደ። ያንኑ ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን አጠገብ፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን አጠገብ ቀጠለው። ተመልካቹ መጀመሪያ «እንዴት ርቦታል!» አለ፤ ቀጥሎ «እንዴት አዝኗል!» አለ። ፊቱ ግን አንድ ነው። ስሜቱ ያለው በሁለቱ ምስሎች መጋጠሚያ ላይ ነው።

እኛ ይኼን ለመማር ሩሲያ መሄድ አላስፈለገንም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሀብ ቀርጾ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ያ ፊልም ለጋሾችን አነቃነቀ፣ እርዳታ ጎረፈ። ዓመት ሳይሞላው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ያው ነው ስል ግን ያው አልነበረም። ደርግ በመካከሉ የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳዩ ምስሎች አስገብቶበታል። የሚሞት ሕፃን፣ ቀጥሎ ድግስ፤ የወደቀ ሽማግሌ፣ ቀጥሎ ውሻ። በማግስቱ ንጉሡ በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ልብ በሉ፣ በዚያ ፊልም ውስጥ ሐሰት የሆነ ምስል አልነበረም። ረሀቡ እውነት ነው፤ የተደበቀ መሆኑም እውነት ነው፤ ድግሱም ውሻውም እውነት ናቸው። የንጉሡ መንግሥት ለወሎ ሞት የሚጠየቅበት ነገር አልነበረም የሚል ክርክርም የለኝም። የምለው ሌላ ነው። የወሎው ገበሬ ፊት በጥቅምት እህል ለመነበት፤ በመስከረም ዙፋን ተገለበጠበት። ገበሬውን ሁለቱንም ጊዜ ማንም አልጠየቀውም። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ደርግ ራሱ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በከፍተኛ ወጪ ሲያከብር ሰሜኑ እንደገና በረሀብ ያልቅ ነበር። በቀጣዩ ጥቅምት የቆረም ምስል በቢቢሲ ወጣ። ያንኑ መቀስ የያዘ ሰው ቢገኝ ኖሮ ያንኑ ፊልም በደርግ ላይ ሊሠራው ይችል ነበር። መቀስ ወገን የለውም።

ነገሩን ወደ ሰሜን ተራራ እናምጣው። በ2008 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ ነዋሪዎች፣ ከአራት መቶ በላይ አባወራዎች፣ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። ፓርኩ በ1996 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጣለት። እንግዲህ አንድ የግጭ ሽማግሌ ካሜራ ፊት ተቀምጠው «አገሬን ትቼ መጣሁ፤ እዚህ መብራት አለ» ቢሉ ምን ይሆናል? ስለ ዋልያ መዳን የሚሠራው ልጅ «እዚህ መብራት አለ» የሚለውን ይወስዳል። ስለ መፈናቀል የሚሠራው «አገሬን ትቼ መጣሁ» የሚለውን ይወስዳል። ሁለቱም አልዋሹም። የሽማግሌው ቃል ግን ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ያለው ነበር። ሰው ማለትም እንዲያ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አሉኝ ልጆቹ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። አንደኛው መልስ ከጎንደር የወጣ ሰው ሥራ ውስጥ አለ። ኃይሌ ገሪማ ሎስ አንጀለስ ተማሪ በነበረበት ዘመን፣ በ1974 እ.ኤ.አ. አገሩ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ። ዘጋቢ ፊልም አይደለም፤ ነገር ግን የተጫወቱለት ሙያተኛ ተዋንያን አይደሉም፤ በጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በአማርኛ ነው የሠራው። በዚያ ፊልም ገበሬው ኮረብታ ሲወጣ እስኪወጣ ድረስ እንጠብቃለን። ትዕግሥት የሌለው ተመልካች ይሰለቻል። የታገሠው ግን ድካምን በወሬ ሳይሆን በጊዜ ይማራል፤ መንገዱ ሲረዝም የሚደክመው የራሱ እግር ነው። አባቱ ገሪማ ታፈረም «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉ ሰው ናቸው፤ ልጁ በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዓድዋ ዘጋቢ ፊልም ላይ ከአባቱ የሰማውን ታሪክ ይዞ ነው የሚነሣው። መስማት በዚያ ቤት የቆየ ሙያ ነው። አርባ አንድ ሴኮንድ ዝምታ ባዶ አለመሆኑን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ሁለተኛው መልስ ከፈረንሳይ ነው። ዣን ሩሽና ኤድጋር ሞረን በ1961 እ.ኤ.አ. በወጣው «የአንድ በጋ ዜና መዋዕል» በተባለው ፊልማቸው የፓሪስ ሰዎችን ጠየቁ። ከዚያ የቀረጹትን ለተጠየቁት ሰዎች ራሳቸው አሳዩ። ሰዎቹ ተጣሉ፤ አንዱ እውነት ነው አለ፣ ሌላው አስመሳይ ነው አለ። ሁለቱ ፊልም ሠሪዎች ይኼንንም ጠብ ቀርጸው ፊልሙ ውስጥ አስገቡት። ፊልሙ በዚህ አልተበላሸም፤ የሚታወስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ልጆቹ የፈቃድ ቅጹን አሳዩኝ። የእናትየዋ አውራ ጣት ከሥር በሰማያዊ ቀለም ተረግጧል። «ፈቅደዋል» አሉኝ። አዎ፣ ፈቅደዋል። ግን የፈቀዱት ምንን ነው? ቅጹ በተፈረመ ጊዜ ፊልሙ አልነበረም። ያ አካባቢ ለጠያቂ አዲስ አይደለም። ከወገራ ቀጥሎ ባለው በዳባት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አለው፤ መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቅቆ ሄደ ብለው ይመዘግባሉ። በነገራችን ላይ እዚያ መዝገብ ላይ «ሞተ» እና «ለቅቆ ሄደ» የተለያዩ ዓምዶች ናቸው። የጤና መዝገብ ጠንቅቆ የለየውን፣ ኪነ ጥበብ ነኝ የሚለው ፊልም አደባለቀው። ደግሞ መዝገብ ላይ ያለ ቁጥር ከሌሎች ቁጥሮች ጋር ተደምሮ ስሙ ይጠፋል። ፊት ግን አይደመርም። ጎረቤት ያውቀዋል።

ስለዚህ ያልኳቸው ጥቂት ነው። ተጠያቂው ለነገሩ የሰጠውን ስም አትለውጡ፤ «ሄደ» ካሉ ተራኪውም «ሄደ» ይበል፣ ትርጉሙም «ሄደ» ይበል። መልሱ ያለ ጥያቄው የማይቆም ከሆነ ድምፃችሁን አትቁረጡ፤ መጠየቃችሁ አሳፋሪ አይደለም። «ከርዕስ ወጡ» የምትሉትን ክፍል መቀስ ከማንሣታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ ስሙት፤ የአገራችን ሰው ዋናውን ነገር ብዙ ጊዜ የሚያኖረው እዚያ ነው። ዋሽንቱን አውጡት። ከሁሉ በላይ ግን ፊልሙ ዳኞች ፊት ከመቅረቡ በፊት አምባ ጊዮርጊስ ይሂድ። ላፕቶፕ አላችሁ፤ በአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ የማይደረስበት አገር አይደለም። እናትየዋ ይዩት። «ይኼን አላልኩም» ካሉ አላሉም ማለት ነው።

ከልጆቹ አንደኛዋ፣ ካሜራ የያዘችው፣ ጉዳዩ ገብቷት ነበር መሰለኝ፤ ያልተቆረጠውን የመጨረሻ ደቂቃ ደግማ እንድታሳየኝ ያደረገችው እሷ ናት። ቃለ መጠይቁ አልቆ ዕቃ እየተሰበሰበ ነው፤ ካሜራው ግን አልጠፋም። እናትየዋ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ቀስ ብለው ይጠይቃሉ፦

«አንች ልጅ፣ ይኼ ነገር መተማም ይታያል?»

ከካሜራው ጀርባ «ይታያል እማማ» የሚል የልጅቷ ድምፅ ይሰማል። እናትየዋም «እንግዲያውስ ደኅና ነው» ይላሉ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ የተናገሩት ለማን እንደ ነበር የገባኝ ያኔ ነው። ለዳኞቹ አይደለም፤ ለእኛም አይደለም። ልጃቸው ድንገት ቆላ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጦ የእናቱን ፊት ቢያይ ብለው ነው። እንዲያ ከሆነ ደግሞ ያ ልጅ በእናቱ ፊልም ላይ የሚያገኘው የራሱን መርዶ ነው። የእናቱን ዝምታ አይሰማም፤ ስለ በሬውም አይሰማም።

ፊልሙ ገና አልቀረበም። የመመረቂያው ቀን ሳምንታት ቀርተውታል፤ ያልተቆረጠው ሁለት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃም ሃርድ ዲስኩ ላይ እንዳለ ነው። «ጠፋ» የሚለውን አውጥቶ «ሄደ» የሚለውን ማስገባት፣ ልጆቹ እንደ ነገሩኝ፣ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።